«ታቹ ነው ወይስ ሙሉው?»፦ የተሰበረ የስልክ ስክሪን ቤት ውስጥ ስለ መቀየር

አዳማ ውስጥ የተሰበረ ስልክ ይዘው ሞባይል ጥገና ቤት ሲገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታቹ ነው ወይስ ሙሉው?» የሚል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። «ወደቀብኝ፣ እንጃ» ብሎ ስልኩን ያስረክብና የተጠራለትን ዋጋ ይሰማል። የሚከፍለው ገንዘብ፣ የተጠገነው ስልክ የሚቆይበት ጊዜ፣ ሥራውንም ቤቱ ቁጭ ብሎ በራሱ እጅ ሊሞክረው መቻል አለመቻሉ የሚወሰነው ግን በዚያች አጭር ጥያቄ መልስ ነው።

ነገሩ አሁን አሁን ብዙ ቤት ውስጥ እየተነሳ ነው። ስክሪን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዋጋው ሲወደድ ሰው «ስክሪኑን ገዝቼ ራሴ ብገጥመውስ?» ማለት ጀመረ። ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሥራው በ5 ደቂቃ ያልቃል። ስልክ የሚበላሸው እነዚያ ቪዲዮዎች ቆርጠው በሚያስቀሩት ክፍል ላይ ነው፤ እኔም እዚህ ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚያው ላይ ነው።

ስክሪን አንድ ነገር አይደለም እንዴ?

አይደለም። ጋቢ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ልብስ ነው፤ ጠርዙን ገልጠው ቢቆጥሩት አራት ድርብ ነው። የስልክ ስክሪንም እንዲሁ ድርብ ነው። ከላይ ጣትዎ የሚያርፍበት መስታወት አለ፤ ጥገና ቤቶች «ግላስ» ይሉታል። ከሥሩ ጣት የት እንዳረፈ የሚለየው ስስ ንጣፍ አለ፤ «ታች» (ከእንግሊዝኛው «touch»፣ መንካት) የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ በታች ምስሉን የሚያወጣው ዲስፕሌይ አለ። ጋቢውን ክር እንደሚይዘው ሁሉ እነዚህን አንድ ላይ የሚይዛቸው እንደ ውሃ የጠራ ሙጫ ነው።

ታች የሚሠራው በኤሌክትሪክ እንጂ በግፊት አይደለም። ንጣፉ ላይ ዓይን የማያያቸው መስመሮች እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። የሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ጣት ሲጠጋ ይህ ክምችት ይለወጣል፤ ስልኩም የተለወጠበትን ቦታ አስልቶ እዚያ እንደተነካ ያውቃል። በወፍራም ጓንት ሲነኩት ዝም የሚለው፣ ውሃ ሲፈስበት ደግሞ ያልታዘዘውን የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆዩት ስልኮች ላይ ታቹና ዲስፕሌዩ ለየብቻቸው ስለነበሩ «ታች ብቻ» መቀየር የተለመደ ሥራ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ስልኮች ሦስቱ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ በብዙዎቹም ታቹ ዲስፕሌዩ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ግላሱ ብቻ ቢሰነጠቅም ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ሙሉው ነው። ግላሱን ብቻ ነጥለው የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ። ለዚያ ግን ማሞቂያ ሰሌዳ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ፣ አየር የሚመጥ ማሽን ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፤ ይህን በሙሉ ልብ ነው የምለው።

የትኛው ክፍል እንደተሰበረ በምን አውቃለሁ?

ስልኩን አብርተው ያስተውሉት። መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ፣ በሁሉም ጥግ ሲነኩትም የሚታዘዝ ከሆነ የተጎዳው ግላሱ ነው። ምስሉ ደህና ሆኖ የተወሰነ ቦታ ላይ ጣት የማይሰማ፣ ወይም ማንም ሳይነካው ራሱ በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ከሆነ ታቹ ተነክቷል። እንደ ፈሰሰ ቀለም ያለ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ መስመር፣ ጨልሞ የቀረ ግማሽ ካለ ዲስፕሌዩ ነው። ጥቁሩ ነጠብጣብ ደግሞ ሊሰፋ ይችላልና ፎቶና ስልክ ቁጥር የማውጫው ጊዜ ያኔውኑ ነው።

ሳምሰንግ ያለው ሰው መደወያው ላይ *#0*# ቢጽፍ የመፈተሻ ገጽ ይከፈትለታል። ስክሪኑን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ሞልቶ ያሳየዋል፤ ታቹንም ሳጥን በሳጥን ያስፈትሸዋል። ሌላ ስልክ የያዘ ሰው አንድ የአፕ ምስል ተጭኖ ይዞ በስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ ያዙረው። ምስሉ ከጣቱ የሚያመልጥበት ቦታ የሞተ ታች ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስልኩ ወድቆ ስክሪኑ ፍጹም ጨልሞ ሲደወልለት የሚጮህ ከሆነ፣ መስታወቱም ካልተሰነጠቀ፣ ምናልባት ምንም አልተሰበረም። ስክሪኑን ከቦርዱ (ከስልኩ ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር የምታገናኘው ኮኔክተር፣ ማለትም ትንሿ መሰኪያ፣ ከቦታዋ ብድግ ብላ ይሆናል። ተከፍታ በጣት ጫፍ ትጫናለች፣ በቃ። አዲስ ስክሪን ከመግዛት በፊት ይህንን ማጣራት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ጠንካራ የተባለ መስታወት ለምን በአንዴ ይሰነጠቃል?

የስልክ መስታወት እንደ መስኮት መስታወት አይደለም። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጎሪላ ግላስ ብሎ የሚሸጠው ዓይነት መስታወት 400 ዲግሪ ገደማ በሚግል የቀለጠ ጨው ውስጥ ይነከራል። እዚያ ውስጥ መስታወቱ ፊት ላይ ያሉት ትናንሾቹ የሶዲየም ቅንጣቶች ይወጡና ተለቅ ያሉት የፖታሺየም ቅንጣቶች በቦታቸው ይገባሉ። ባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ቀጫጭን ልጆች ተነስተው ሦስት ደንዳና ሰዎች እንደተተኩ ያስቡት። ትከሻ ለትከሻ ይጣበቃሉ፤ በመሃላቸው እጅ አይገባም። ፊቱ እንዲህ የተጣበቀ መስታወት ስንጥቅ በቀላሉ አይገባውም።

ያ የተጣበቀ ንብርብር ግን ስስ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከመስታወት ይጠነክራል። ኪስ ውስጥ ከስልኩ ጋር የዋለ አቧራ ዓይን የማይለየው ጭረት ያበጃል፣ ጭረቱም ንብርብሩን ዘልቆ የሚገባ በር ይሆናል። ስልኩ አስፋልት ላይ በጥጉ ሲያርፍ ኃይሉ ሁሉ በአንዲት ነጥብ ይሰበሰብና ስንጥቁ በዚያ በር ይገባል። «ትናንት ከዚህ በላይ ወድቆ ምንም አልሆነም ነበር» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ትናንት ጭረቱ የነበረበት ቦታ አልተመታም።

ኤልሲዲና አሞሌድ የሚባለው ምንድን ነው? ለእኔስ ምኔ ነው?

ሥራው ቤት ውስጥ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው የሚለየው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ይታገሱኝ።

ኤልሲዲ ከኋላው የሚበራ መብራት ያለው መጋረጃ ነው። መብራቱ ሁሌም በርቷል፤ መጋረጃው ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቀዳዳዎቹን እየከፈተና እየዘጋ ምስል ይሠራል። ጥቁር ማሳየት ሲፈልግ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ብርሃኑ ግን ትንሽ ያፈተልካል፤ ስለዚህ በጨለማ ክፍል ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። አሞሌድ መብራትም መጋረጃም የለውም። እያንዳንዷ ነጥብ እንደ ጧፍ ራሷ ትበራለች፣ ጥቁር ሲያስፈልግ ራሷ ትጠፋለች። ስለዚህ ቀጭን ነው፣ ጥቁሩም ድቅድቅ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ሲፈታም እንደ ቅጠል ይታጠፋል፣ ይሰበራልም።

ዋጋቸው ዝቅ ያሉት የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስልኮች አብዛኞቹ ኤልሲዲ ናቸው። የሳምሰንግ ኤስ ተከታታይ፣ ከኤ ተከታታይም ብዙዎቹ፣ ከአይፎን ኤክስ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ አይፎኖችም በአሞሌዱ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። አይፎን ኤክስአርና 11 ኤልሲዲ ናቸው።

እንግዲያው የእኔ ስልክ ቤት ውስጥ ይቀየራል?

የኋላ ሽፋኑ ፕላስቲክ፣ ስክሪኑ ጠፍጣፋና ኤልሲዲ የሆነ ስልክ ከያዙ፣ ታጋሽ እጅም ካለዎት፣ አዎ። ጀማሪ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የግማሽ ቀን ሥራ ብሎ ይያዘው።

ጠርዙ የታጠፈ አሞሌድ ከሆነ፣ ኋላውም መስታወት ከሆነ ይተዉት። ኋላው መስታወት የሆነ ስልክ ለመክፈት ያንን መስታወትም ማሞቅ ያስፈልጋል፤ አንዱን ለመጠገን ሁለተኛውን ሰብረው ይቀራሉ። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ያሉ ስልኮች አሉ፤ ለምሳሌ ጠፍጣፋ አሞሌድ ያላቸው ፕላስቲክ ለበስ ሳምሰንጎች። እነሱን ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ቀድሞ በማያሳዝን አሮጌ ስልክ እጁን ቢያፍታታ ይሻላል።

አይፎን የራሱ ጣጣ አለው። ከ11 ጀምሮ ያሉት አይፎኖች ስክሪናቸው ከቦርዱ ጋር ይተዋወቃል፤ ሌላ ስክሪን ሲገጠም «ያልታወቀ ዕቃ» የሚል መልእክት ያወጣሉ። እንደ ክፍሉ ብርሃን ቀለሙን የሚያስተካክለው ትሩ ቶንም የድሮው ስክሪን መረጃ በልዩ መሣሪያ ወደ አዲሱ ካልተገለበጠ ሊጠፋ ይችላል። ስልኩ ይሠራል፣ ይህ ግን ሊጎድለው ይችላል። አውቆ መግባት ነው።

ኦርጅናል፣ ኮፒ፣ ከነፍሬሙ ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነው?

«ኦርጅናል» የሚለው ቃል ገበያ ላይ ብዙ ፊት አለው። አንዱ ከስልኩ አምራች በኩል ለጥገና ተብሎ የመጣ አዲስ ስክሪን ነው። ሁለተኛው ከተበላሸ ስልክ ላይ ተፈትቶ የመጣ እውነተኛ ስክሪን ነው፤ አገልግሏል፣ ግን ዘሩ ያው ነው። ሦስተኛው ግላሱ ብቻ ተቀይሮለት የታደሰ ነው። ሻጩን «ኦርጅናል ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «አዲስ ነው፣ የተፈታ ነው ወይስ የታደሰ?» ብለው ይጠይቁ።

ኮፒ ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው ነው። ለኤልሲዲ ስልክ ደህና ኮፒ ሰው ሳይከፋ ይጠቀምበታል። ችግሩ የሚመጣው አሞሌድ ለነበረው ስልክ «ኢንሴል» የተባለ የኤልሲዲ ኮፒ ሲገጠም ነው። ከኋላው መብራት መያዝ ስላለበት ይወፍራል፣ ከፍሬሙ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ጥቁሩ ይደበዝዛል። የጣት አሻራ ማንበቢያው ስክሪኑ ሥር ከሆነ ደግሞ አይሠራም፤ ማንበቢያው ጣትዎን የሚያየው በስክሪኑ ውስጥ አሳልፎ ነው፣ የኤልሲዲው የኋላ መብራት ደግሞ መንገዱን ይዘጋበታል። በቴሌብርና በባንክ አፕ በጣት አሻራ መግባት የለመደ ሰው ይህንን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። ያሳዝናል፣ ሻጩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግረው ይችል ነበርና።

«ከነፍሬሙ» ማለት ስክሪኑ የስልኩን መካከለኛ አካል ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ያለ ፍሬም ሲገዙ የተሰበረውን ስክሪን ከፍሬሙ ላይ ልጠው አዲሱን ይለጥፋሉ። ከነፍሬሙ ሲገዙ መላጥ የለም፤ ግን ባትሪውን፣ ቦርዱን፣ ካሜራውን፣ ስፒከሩን ሁሉ ነቅለው ወደ አዲሱ ቤት ማዛወር አለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ይቀላል ብሎ ያስባል። እኔ የወደቀ ስልክ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በጥጉ የወደቀ ስልክ ፍሬሙ ሳይታወቅ ይጣመማል፣ የተጣመመ ፍሬም ላይ የተለጠፈ አዲስ ስክሪን ደግሞ ከዚያው ጥግ ይሰነጠቃል።

ሲገዙ የስልኩን መጠሪያ ብቻ አይያዙ። አንድ ስም ያላቸው ስልኮች በውስጥ ሞዴል ቁጥር ይለያያሉ፣ ኮኔክተራቸውም ላይገጥም ይችላል። ቁጥሩን ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ገጽ ፎቶ አንስተው ያሳዩ። ስክሪኑ አዲስ አበባ መርካቶ ታዞ በመኪና የሚመጣልዎ ከሆነ ይህች ፎቶ ሁለት ጉዞ ታስቀርልዎታለች። ባይሠራ ይመለስ እንደሆነም ገንዘብ ሳይሰጡ ይነጋገሩ፤ መከላከያ ፊልሙ ከተላጠ ወይም ሙጫ ከነካው አብዛኛው ሻጭ አይቀበልም።

ስክሪን ሲቀየር መረጃዬ ይጠፋል?

አይጠፋም። ፎቶውም፣ ቁጥሩም፣ አፑም የተቀመጠው ቦርዱ ላይ ነው። ለስክሪን ብሎ ስልክ ፎርማት የሚደረግበት ምክንያት የለም። የይለፍ ቁጥርዎንም ለማንም መስጠት አያስፈልግዎትም፤ ሠሪው ታቹን በአስቸኳይ ጥሪ ገጹ፣ ምስሉን በካሜራው ስልኩ እንደተቆለፈ ሊፈትሽ ይችላል። ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ከሆነ ቆይቷልና ጥገና ቤት የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ሲሙን ያውጣ።

ያም ሆኖ ከመክፈትዎ በፊት መረጃዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ እጅ ሊስት ይችላልና። ታቹ ሞቶ ምስሉ ካለ አንድ ዘዴ አለ። ኦቲጂ በምትባለው ትንሽ መቀጠያ ተራ የኮምፒውተር ማውዝ ቻርጀር መሰኪያው ላይ ይሰኩ። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ቀስት ያወጣል፤ በማውዙ የይለፍ ቁጥሩን አስገብተው ፎቶዎን ያወጣሉ።

ምን ላዘጋጅ?

ብዙ አይደለም። የሞባይል ካቻቢቴ ስብስብ፣ ወረንጦ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ስክሪን የሚስብ የላስቲክ መምጠጫ፣ የጊታር መምቻ የመሰለ ስስ ፕላስቲክ፣ ንጹሕ አልኮል (ውሃው የበዛው የእጅ ማጽጃ አይሆንም)፣ ቢ-7000 የሚባለው የሞባይል ሙጫ፣ ሰፊ ግልጽ ስኮች፣ የብር ማሰሪያ ላስቲኮች፣ ለዓይን መነጽር። መነጽሩን እንደ ትርፍ አይዩት፤ የስልክ መስታወት ሲላጥ ብናኙ ይፈናጠራል።

ቦታና ሰዓት መምረጥም የዝግጅቱ አካል ነው፣ በተለይ አዳማ ላይ። ከተማዋን በከበቡት ኮረብቶች ላይ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ 1ና 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ 2 የንፋስ ማመንጫ የተተከሉት ንፋሱ የታወቀ ስለሆነ ነው። ያ ንፋስ አቧራውን በመስኮት ያስገባዋል። ስክሪኑና ፍሬሙ መካከል የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥር እየገፋች አዲሱን ስክሪን ልትሰነጥቅ ትችላለች። መስኮት ይዝጉ፣ ወለሉንና ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፣ አቧራው እስኪረጋ ይጠብቁ። ብርድ ልብስ ወይም ምንጣፍ ላይ አይሥሩ፤ ከጨርቁ ወደ እጅዎ የሚመጣው የማይታይ ኤሌክትሪክ ቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት የውሃ ቧንቧ ወይም ሌላ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ይንኩ።

እንዴት ይከፈታል? የት ላይ ይበላሻል?

ባትሪው ከ25 በመቶ በታች እስኪወርድ ይጠቀሙበት፣ ያጥፉት፣ ሲሙንና ሚሞሪውን ከነመያዣቸው ያውጡ። መያዣውን ረስቶ ሽፋን የሚስብ ሰው ብዙ ነው፤ መያዣው ይሰበራል። የተሰነጠቀውን መስታወት በስኮች ይሸፍኑት፤ ብናኙ አይበተንም፣ መምጠጫውም የሚይዝበት ያገኛል።

አይፎን የሚከፈተው በስክሪኑ በኩል ነው። አብዛኛው አንድሮይድ ግን ከኋላ ይጀመራል፤ ሽፋኑ በፕላስቲክ ጥርሶች ወይም በሙጫ ተይዟል። ፕላስቲኩን በጠርዙ አስገብተው ዙሪያውን ይሂዱ። ቀጭጭ የሚለው ድምፅ አያስደንግጥዎ፣ ጥርሶቹ ሲለቁ ነው። ሽፋኑ ሲለቅ ግን ይቁሙ። የመጀመሪያው ሥራዬ የእህቴ ስልክ ነበር። ሽፋኑ ሲለቅልኝ እንደ ድስት ክዳን ብድግ አደረግሁት፤ የጣት አሻራ ማንበቢያው ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ ፍሌክስ በሚባል ቀጭን ተጣጣፊ ገመድ ከቦርዱ ጋር ተያይዞ ነበርና ፍሌክሱ ተበጠሰ። ስክሪኑን አሳምሬ ቀየርኩላት፤ እሷ ግን ስልኩን እስክትለውጥ ድረስ በጣቷ ከፍታው አታውቅም። ሽፋኑን ጣት በሚያህል ክፍተት ብቻ ከፍተው ውስጡን በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ተያይዞ የሚመጣ ነገር ካለ ኮኔክተሩን ነቅለው ይቀጥሉ።

ብሎኖቹን ሲፈቱ ወረቀት ላይ የስልኩን ቅርጽ ስለው እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ላይ በስኮች ይለጥፉ። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ ርዝመታቸው ግን በሚሊሜትር ክፋይ ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቀዳዳ አስገብቶ ማጥበቅ ቦርዱን መብሳት ነው።

ከዚያ ምንም ሌላ ነገር ሳይነኩ የባትሪውን ኮኔክተር በፕላስቲክ ብድግ አድርገው ይንቀሉ። ባትሪው እንደተሰካ የስክሪን ኮኔክተር መንቀልና መሰካት፣ በተለይ በብረት ወረንጦ፣ የስክሪኑን መብራት የሚያስነሳውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። «አዲሱ ስክሪንም አልበራም» ተብሎ ወደ ሻጩ ከሚመለሰው ውስጥ በዚህ የተጎዳ ቦርድ አለ።

አሁን ቪዲዮዎቹ የሚዘሉት ነገር መጣ። የድሮው ስክሪን ገና ፍሬሙ ላይ እንዳለ፣ ፍሌክሱን ብቻ ነቅለው የአዲሱን ይሰኩ። ባትሪውን መልሰው ያገናኙና ስልኩን ያብሩት። ደማቁን ነጭ ይዩ፣ ጥጎቹን ሁሉ ይንኩ፣ ኪቦርዱ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ይጻፉ። ፊልሙን አይላጡ። ስክሪኑ ችግር ካለበት ሊመለስ የሚችለው በዚህች ሰዓት ብቻ ነው። ሙጫ ከነካው በኋላ ችግሩ የእርስዎ ነው። ሥራውን በሙሉ ቢረሱ ይህችን አንዲት እርምጃ እንዳይረሱብኝ።

ደህና ከሆነ ያጥፉት፣ ባትሪውን ይንቀሉ፣ አዲሱን ስክሪን ወደ ጎን ያኑሩና፣ ያለ ፍሬም የገዙ ከሆነ፣ የተሰበረውን መላጥ ይጀምሩ። ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ እያዟዟሩ ያሙቁ፤ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ማለትም ጣት ለአፍታ ነክቶ የሚሸሽበት ሙቀት ይበቃል። መምጠጫውን ለጥፈው ሲስቡ ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል፤ ፕላስቲኩን በእሷ ያስገቡ። ወደ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ፣ ወደ ጎን ግን እንደልብ። ስክሪኑ ተሰብሯልና መጠንቀቅ የለም አይበሉ፤ ከሥሩ ባትሪና የሌሎች ክፍሎች ፍሌክሶች አሉ። ሲከብድ ሙቀት ይጨምሩ እንጂ ጉልበት አይጨምሩ። መብራት ቢጠፋ ሙጫው ይቀዘቅዛልና ትተው ይጠብቁ፤ ቸኩሎ መፈልቀቅ ፍሬም ያጣምማል።

ባትሪው ይፈነዳል የሚባለው እውነት ነው?

ካልተወጋና ካልታጠፈ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ አይነሳም። ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ሁለት ሉሆች በጣም ቀጭን በሆነ መለያ ተለያይተው ተጠቅልለዋል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲወጋ ወይም ሲታጠፍ መለያው ይቀደድና ሁለቱ ይነካካሉ፤ ያኔ በራሱ ጊዜ ይግላል፣ ያጨሳል፣ ይነድዳል። የተሞላ ባትሪ ሲሆን እሳቱ ይብሳል፤ ከ25 በመቶ በታች ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ባትሪው አጠገብ ብረት አይጠቀሙ። ስልኩ ሲከፈት ባትሪው እንደ ዳቦ አብጦ ካገኙት ሥራውን እዚያው አቁመው ለባለሙያ ይውሰዱት። ጢስ ካዩ ወደ ውጭ፣ ሲሚንቶ ወይም አፈር ላይ ይጣሉት፣ ጢሱንም አይተንፍሱ።

ማጣበቁስ?

የድሮው ሙጫና የመስታወት ፍርፋሪ ከፍሬሙ ላይ አንድም ሳይቀር መልቀቅ አለበት። አልኮል በነካ ጨርቅና በፕላስቲክ ይፋቁት፤ በጣትዎ አይዳስሱ፣ ይቆርጣል። ፍሬሙን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ጥጎቹ ከፍ ዝቅ ማለታቸውን ይዩ። አዲሱን ስክሪን ያለ ሙጫ አስቀምጠው ይሞክሩት፤ በራሱ ክብደት ካልተቀመጠ ያስቸገረውን ይፈልጉ እንጂ አይጫኑት።

ሙጫው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ሆኖ በጠርዙ ይሂድ። ከበዛ ወደ ስፒከሩና ማይኩ ቀዳዳ ይገባና ድምፅዎ የጉድጓድ ይሆናል። ሱፐር ግሉ በፍጹም አይሁን። ትነቱ ስክሪኑ ላይ ነጭ ጉም ይለቃል፣ ስልኩም ሌላ ቀን ባትሪ ልቀይር ቢሉ አይከፈትም። ስክሪኑን አስቀምጠው በላስቲኮች ዙሪያውን ይሰሩት፤ ላላ ብሎ የሚይዝ እንጂ የሚያንቅ አይሁን። 24 ሰዓት ሳይነኩት ይተዉት። ውሃ አይገባውም ተብሎ የተሸጠ ስልክ ከዚህ በኋላ ውሃ ይገባዋል ብለው ያስቡ፤ የፋብሪካው ማሸጊያ አንዴ ከተላጠ በቤት ሙጫ አይመለስም።

በማግስቱ ላስቲኩን ሲፈቱ ካሜራውን፣ ስፒከሩን፣ ቻርጀሩን፣ የድምፅ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ከዚያ ለአንድ ሰው ደውለው ስልኩን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ። ስክሪኑ ከላይ በኩል ጆሮ ሲጠጋ ምስሉን የሚያጠፋ፣ ሲርቅ የሚያበራ ትንሽ ዓይን አለችው። የጎረቤታችንን ስልክ ቀይሬላቸው ሁሉ ነገር ሲሠራ አይቼ ነበር፤ ማታ ግን «ስደውል ይጠፋና አይበራልኝም፣ ስልኩን መዝጋትም አቃተኝ» ብለው ይዘውት መጡ። ኮኔክተሩ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ከኋላ ፈታሁት፣ ምንም አላገኘሁም። ሁለተኛ ጊዜ ሙጫውን አሙቄ ስክሪኑን ራሱ ሳነሳው ያቺ ዓይን የምታይበት ቦታ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የጥፍር ጫፍ የምታህል የፊልም ቁራጭ ተለጥፋ አገኘኋት። አዲሱን ስክሪን ከመለጠፌ በፊት ገልብጬ ብርሃን ላይ ባየው ኖሮ ትታየኝ ነበር። በወረንጦ አነሳኋት፣ ሙጫውን እንደገና ቀባሁ፣ ሌላ 24 ሰዓት ጠበቅን።